መለያና ኅሊና

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል የሰው ልጅ ዋና የትዝታ መሣሪያዎች ሁለት በነበሩበት ዘመን የተነገረ ነው። አንደኛው ምላስና ጆሮ፣ ሁለተኛው ብራናና ቀለም ነበሩ። ሃያኛው ምዕተ ዓመት ሌላ መሣሪያ ጨመረ፤ እርሱም የብረት ኦክሳይድ ዱቄት የተለበጠበት የማግኔት ቴፕ ነው። ቴፕ እንደ ቃል በአየር ላይ አይበተንም፤ እንደ መጽሐፍም ገልጠው አያነቡትም። በእጅ ቢዳስሱት ልስልስ ጥብጣብ ነው፤ ወደ ዓይን ቢያቀርቡት አንድ ፊደል እንኳ አይታይበትም። የአንድ አገር የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበበት ጥቅልና ምንም ያልተቀዳበት ባዶ ጥቅል በመልክ አይለያዩም። እንግዲህ በቴፕ ያለ ነገር ይረሳል ወይስ ይወረሳል? መልሱን በአብዛኛው የምትሰጠው በላዩ የተጻፈችው ትንሽ መለያ ናት።

ይህች መለያ ተራ የመጋዘን ጉዳይ ትመስል ይሆናል። ነገር ግን በውስጧ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይዛለች፤ ስምንና ነገርን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? ከዚህም ጥያቄ ሌላ የግብረ ገብ ጥያቄ ይወለዳል፤ ስምን ብቻ አንብቦ በነገሩ ላይ የሚፈርድ ሰው ተጠያቂነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ከተጨባጩ ሁኔታ መነሣት ይበጃል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አንሥቶ በትላልቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች በሰፊው ይሠራበት የነበረው ቴፕ ወርዱ ግማሽ ኢንች፣ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ 2,400 ጫማ ወይም 730 ሜትር ያህል ነበር። ጥቅሉ ሁለት መለያ አለው። የውጭው መለያ በጥቅሉ ወይም በማኅደሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ የሰው ዓይን ያነበዋል። የውስጡ መለያ በራሱ በጥብጣቡ መነሻ ላይ በማግኔት የተቀረጸ ነው፤ እርሱን ማንበብ የሚችለው ማሽኑ ብቻ ነው። በአይ ቢ ኤም ሥርዓት የውስጡ መለያ የመጀመሪያ መስመር 80 ፊደላትን ይይዛል፤ ይህም ልክ የተወረሰው 80 ዓምድ ከነበረው በቀዳዳ ከሚጻፍበት ካርድ ነው። ከመስመሩ መክፈቻ ምልክት ቀጥሎ ስድስት ፊደላት የሚይዝ የጥቅሉ ቁጥር ይመጣል። በሚከተለው መስመር ላይ ደግሞ የተቀዳው ነገር ስም፣ የተቀዳበት ቀንና ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ይጻፋሉ። በአንድ ኢንች 1,600 ፊደላት በሚቀረጹበት ጥቅል ላይ እነዚያ 80 ፊደላት የሚይዙት ቦታ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሰባት መቶ ሠላሳ ሜትር ትዝታ በአንድ ሚሊሜትር ስም ይተዳደራል ማለት ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለቴፕ ስም የሚያወጣለት ግን የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ነው። እንቅልፍ እየተጫነው፣ የሚቀጥለው ሥራ እየጠበቀው፣ በፊቱ የተከመሩትን ጥቅሎች በየተራ እያነሣ ይጽፋል። ጽሑፉን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበውን ሰው አያውቀውም፤ ያም ሰው እርሱን አያውቀውም። በሁለቱ መካከል የተዘረጋች ድልድይ ብትኖር ያች ወረቀት ብቻ ናት። ሠራተኛው «ልዩ ልዩ» ወይም «የማክሰኞው» ብሎ የጻፈ እንደሆነ የጻፈው ለራሱ ነው፤ እርሱ ከዚያ ቦታ በተነሣ ዕለት ጽሑፉም አብሮት ይሄዳል። ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የጻፈ እንደሆነ ግን ለማያውቀው ሰው ቃል ገባ። በዚህ ረገድ መለያ መጻፍ ማለት ባልተወለደ ሰው ፊት መመስከር ነው። ውሸት ቢመሰክሩ የሚጠይቅ ዳኛ በአካባቢው አይገኝም፤ ኅሊና የሚፈተነውም ዳኛ በሌለበት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ማሽኑን የሠሩት መሐንዲሶች ሰው እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር። አንድ ሥራ አንድ ጥቅል ሲያስፈልገው ማሽኑ ቁጥሩን ይጠራል፤ ሠራተኛው የውጭውን መለያ አንብቦ ጥቅሉን ከመደርደሪያ ያወርድና በማንበቢያው ላይ ይሰቅላል። ማሽኑ ግን የሠራተኛውን ዓይን ብቻ አያምንም። የጥብጣቡን መነሻ ራሱ ያነባል፤ የጠራው ቁጥርና ያነበበው ቁጥር ካልተስማሙ ይቆማል። የማብቂያ ቀኑ ገና ባልደረሰ ጥቅል ላይ ለመጻፍ የተሞከረ እንደሆነም ቆሞ ይጠይቃል። ከዚህ በላይ በጥቅሉ ጀርባ የሚገባ የፕላስቲክ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ከወጣ ማሽኑ ከማንበብ በቀር መጻፍ አይሆንለትም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የዘዴ ነገር ነው። ማሽኑ ቆሞ ከጠየቀ በኋላ የሚመጣው ግን የሰው ነገር ነው። ሠራተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ የውጭውንና የውስጡን መለያ ጎን ለጎን አድርጎ ሊመለከት ይችላል፤ ወይም ሳይመለከት «ቀጥል» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። በአሮጌው መለያ ላይ አዲስ መለያ ከተጻፈ ደግሞ ከኋላው ያለው በመቶ የሚቆጠር ሜትር ጥብጣብ ገና ባይነካም እንኳ ማሽኑ በተለመደው መንገድ ሊደርስበት አይችልም። አዲሱን ስም ያነባል፤ ከስሙ ቀጥሎ የፍጻሜ ምልክት ያገኛል፤ «እዚህ ምንም የለም» ይላል። ነገሩ በቦታው ተኝቶ ሳለ ስሙ ስለተለወጠ ብቻ እንደሌለ ይቆጠራል። ስምን መለወጥ ነገርን የማጥፋት ያህል ኃይል የሚያገኝበት ሁኔታ መኖሩን አንባቢ ልብ ይበል።

የዚህን ኃይል መጠን ለመረዳት በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ የደረሱትን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ሁለቱም ስለ ጨረቃ ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ቴፕ ናቸው፤ ፍጻሜያቸው ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የአፖሎ 11 ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1969 ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን ሲረግጥ ከዚያ የተላከው የቴሌቪዥን ሥዕል በሴኮንድ 10 ምስሎች፣ በእያንዳንዱም ምስል 320 መስመሮች ነበሩት። ይህ ከጊዜው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥርዓት ጋር የማይገጥም በመሆኑ በአውስትራሊያና በካሊፎርኒያ የነበሩት መቀበያ ጣቢያዎች ሥዕሉን መለወጥ ነበረባቸው። የተለወጠው ሥዕል ጥራቱ ቀነሰ፤ ዓለም ያየውም ይህንኑ የደበዘዘውን ነው። ያልተለወጠው፣ የጠራው ሥዕል በጣቢያዎቹ ውስጥ በቴሌሜትሪ ቴፕ ላይ ከሌላው መረጃ ጋር አብሮ ይቀዳ ነበር። የተቀዳውም የቀጥታው ሥርጭት ቢቋረጥ መጠባበቂያ እንዲሆን ነበር።

ሥርጭቱ ሳይቋረጥ ደረሰ። መጠባበቂያውም መጠባበቂያነቱ አበቃ ተባለ። ጥቅሎቹ ወደ ማከማቻ ተላኩ፤ በመዝገብም ከብዙ የቴሌሜትሪ ጥቅሎች መካከል ተቆጠሩ። ከዓመታት በኋላ ዋናው ቅጂ የተሻለ መሆኑን ያስታወሱ መሐንዲሶች ፍለጋ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2009፣ ልክ በአርባኛው ዓመት፣ ድርጅቱ የፍለጋውን ውጤት ገለጸ፤ ጥቅሎቹ ከሌሎች ብዙ ጥቅሎች ጋር ከማከማቻ ወጥተው፣ ተደምስሰው፣ ለሌላ ሥራ እንደገና ጥቅም ላይ ሳይውሉ አልቀሩም። ምክንያቱም ጊዜው የቴፕ እጥረት የነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። የደበዘዘው የሥርጭት ቅጂ ስላለ ታሪኩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከዚያ ቅጂ ተነሥተው ሥዕሉን ለማጥራት ተሞክሯል። የመጀመሪያው የጠራ ምስክርነት ግን አልተገኘም።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ በሦስት ዓመት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ሉናር ኦርቢተር የተባሉ አምስት መንኩራኩሮች ወደ ጨረቃ ተልከው ለሰው ማረፊያ የሚሆን ቦታ ለመምረጥ ፎቶግራፍ አነሡ። የላኩትም ሥዕል በሁለት ኢንች ቴፕ ላይ ተቀዳ። በጊዜው የታተሙት ፎቶግራፎች ቴፑ ከያዘው ጥራት እጅግ ያነሱ ነበሩ። በ1980ዎቹ የመዛግብቱ ሠራተኞች 1,500 ያህል ጥቅሎችን ለማስወገድ ሲያስቡ በካሊፎርኒያው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩትን ናንሲ ኢቫንስን ጠየቋቸው። እርሳቸውም አይሆንም አሉ። ጥቅሉ ያለ ማንበቢያው ድዳ መሆኑን ስለተረዱም አምፔክስ ኤፍ አር 900 የተባሉትን አሮጌ ማንበቢያዎች ፈልገው አስመጡ፤ ማንበቢያዎቹም በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ቆዩ። ለሥራው የሚበቃ ገንዘብ ሳያገኙ ጡረታ ወጡ። በመጨረሻ ዴኒስ ዊንጎና ኪት ካውዊንግ የተባሉ ሰዎች ሥራውን ተረክበው፣ ቀድሞ ምግብ ቤት በነበረ ባዶ ቤት ውስጥ ማንበቢያውን ጠገኑ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2008 የመጀመሪያው ሥዕል ለሕዝብ ታየ፤ ነሐሴ 23 ቀን 1966 ከጨረቃ አጠገብ የተነሣው የመሬት ፎቶግራፍ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት በጨለማ የቆየው ሥዕል በጊዜው ከታተመው ይልቅ ጠርቶ ወጣ።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የአፖሎን ጥቅሎች የደመሰሱት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብሎ መፍረድ ቀላልና ስሕተት ነው። እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን ሠሩ። መለያው የጥቅሉን ቁጥርና ዓይነት ነገራቸው፤ መጋዘኑ እጥረት አለብኝ አላቸው፤ ደንቡም ይፈቀዳል አላቸው። በመለያው ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ዋጋ ነው። መለያ ነገሩ የማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚቆይ ይናገራል፤ ለሰው ልጅ ምን እንደሚጠቅም ግን ሊናገር አይችልም። ይህን የሚናገር ሰው መጠየቅ አለበት። በሁለተኛው ታሪክ ውስጥ ያ ሰው ተጠየቀ። የጥቅሎቹ ስም ከመጋዘን ወጥቶ፣ ነገሩን በሚያውቅ ሰው ፊት ተነበበ፤ ያም ሰው እንቢ የማለት ዕድል አገኘ። ሁለቱን ታሪኮች የሚለያያቸው ለአንድ ሰው የቀረበ አንድ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ማንበብና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ተግባሮች መሆናቸው ግልጽ ይሆናል። ብቻውን መለያ የሚያነብ ሰው ትእዛዝ ይቀበላል። ያነበበውን ለሌላ የሚያሳይ ሰው ግን ትእዛዙን ለሸንጎ ያቀርባል። «ይህ ቁጥር ይህ ነው፤ ጊዜው አልፏል ይላል፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?» በሚልበት ቅጽበት ፍርዱ የአንድ ሰው ምስጢር መሆኑ ይቀራል። ዛሬ በየማዕከሉ የሚሠራባቸው የመጠባበቂያ ፕሮግራሞችም የጥቅሉን መለያ ብቻ አንብቦ፣ በውስጡ ያለውን ሳይነካ፣ በመስኮታቸው ላይ የሚያሳይ ትእዛዝ አላቸው። ትእዛዙ ትንሽ ነው፤ ምንም አይቀዳም፤ ምንም አያጠፋም። ይሁን እንጂ ከሁሉም ትእዛዞች መቅደም የሚገባው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ወደ ኋላ አይመለሱም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ሁሉን ነገር ማስቀመጥ አይቻልም፤ ቴፕ ገንዘብ ነው፤ መጋዘን ወሰን አለው፤ መርሳትም ለግለሰብ ሆነ ለኅብረተሰብ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒት ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው። ሁሉን የሚያከማች ሰው ምንም እንዳላስቀመጠ ይቆጠራል፤ የሚፈልገውን ከማይፈልገው ለይቶ አያገኝምና። በስሕተት የተጻፈ ክስ፣ ጊዜው ያለፈ የበሽተኛ መዝገብ፣ ሰውን የሚጎዳ ሐሜት ቢደመሰስ ጽድቅ እንጂ ጥፋት አይሆንም። ጥያቄው እንግዲህ ይደምሰስ ወይስ አይደምሰስ አይደለም። የሚደመስሰው እጅ ምን እንደሚደመስስ አውቋልን? ሳያውቁ መደምሰስ ውሳኔ ሊባል አይችልም፤ በውሳኔ ስም የተፈጸመ አደጋ ነው።

ከኃላፊነት የሚሸሹበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ የማብቂያውን ቀን ለደንብ ትቶ ይሸሻል፤ ሌላው ለዘለዓለም ብሎ ይሸሻል። በአይ ቢ ኤም ማሽኖች ላይ ዓመቱ በሁለት አኃዝ፣ ቀኑ በሦስት አኃዝ ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ፈጽሞ እንዳይደመሰስ የሚፈለግ ጥቅል «99365» የሚል የማብቂያ ቀን ይሰጠው ነበር። ትርጉሙም «ዘለዓለም» ነው። ነገር ግን ይኸው ቁጥር በቀን መቁጠሪያ ሲተረጎም የ1999 ዓመት 365ኛ ቀን ነው። ሃያኛው ምዕተ ዓመት ሊያልቅ ሲል በየማዕከሉ ያሉ ሠራተኞች ዘለዓለም ቀን ተቆርጦለት እየቀረበ መምጣቱን አስተዋሉ፤ «ፈጽሞ አይደምሰስ» የተባለው «ዛሬ ይደምሰስ» ሆኖ እንዳይነበብ መጨነቅ ግድ ሆነባቸው። ቁጥሩን መጀመሪያ የጻፈው ሰው የዋህ ነበር። ዘለዓለምን በአምስት አኃዝ ጽፎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዘለዓለም ግን በየትውልዱ የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ በራሱ አይቆምም።

የኢትዮጵያ የብራና ጸሐፊዎች ይህን ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል። በብዙ የግእዝ መጻሕፍት መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ የመጽሐፉ ባለቤት ስም፣ ያጻፈውም ሰው ስም ይገኛል፤ ከስሙም ቀጥሎ የሰረቀውንና የፋቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ይጻፋል። ይህም በአገባቡ መለያ ነው፤ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ የማብቂያ ቀን ግን የለውም። በማብቂያው ቀን ፋንታ ያለው ለሚያነበው ሰው የቀረበ ማስጠንቀቂያ ነው። ጸሐፊው ብራና ውድ መሆኑን፣ የተጻፈበትን ፍቆ ሌላ ለመጻፍ የሚፈተን እጅ እንደሚኖር ተረድቷል፤ ስለዚህም ቃሉን ያነጣጠረው በዚያ እጅ ላይ ነው። የማግኔት ቴፕ መሐንዲሶች በፕላስቲክ ቀለበት የጠበቁትን ነገር የብራናው ጸሐፊ በኅሊና ጠበቀው። የትኛው ዘዴ ይበልጥ እንደሚያስተማምን ለመፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ ቀለበቱ በጣት ይገባል፣ ይወጣል፤ ኅሊናም እንዲሁ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ነገሩ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያም የሬዲዮ ድራማ፣ ዘፈንና ንግግር ለብዙ ዓመታት በጥቅል ቴፕ ይቀዳ ነበር። የተዋናዩ ድምፅ በጥብጣቡ ላይ ይቀራል፤ የተውኔቱ ርእስ፣ የደራሲው ስም፣ የተቀዳበት ቀን ግን የሚቀሩት በማኅደሩ ካርቶን ላይ ነው። ካርቶኑና ጥቅሉ የተለያዩ ዕለት ድምፁ ወላጅ የሌለው ልጅ ይሆናል። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ «ይህ የእገሌ ድምፅ ነው» ብለው ይመሰክሩለታል፤ ከእነርሱ በኋላ ግን ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ ይናገራል። አንድን ተውኔት ለመጻፍ ዓመት የፈጀ ደራሲ በማኅደሩ ላይ ሙሉ ስም ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ቢሰስት ዓመቱን ሁሉ በዚያች ደቂቃ አሲዞታል።

መለያ የሚለጠፈው በጥቅል ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በዚህ ባበቃ ነበር። በሰውም ላይ ይለጠፋል። መምህር በተማሪ ስም አጠገብ «ሰነፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ኃላፊ በሠራተኛ ማኅደር ላይ «አስቸጋሪ» ብሎ ይጽፋል። የሚቀጥለው መምህርና የሚቀጥለው ኃላፊ የውጭውን ወረቀት አንብበው ውስጡን ሳያዩ ይፈርዳሉ። ማሽን እንኳ የውጭው ቃል ከውስጡ ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጥ አይቀጥልም፤ ሰው ግን በሰው ላይ ይቀጥላል። ጥቅሉ በስሕተት ቢደመሰስ አያለቅስም፤ የተሰጠው ስም ነገሩን ያጠፋበት ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ስም ሲጠራ ይኖራል።

ቴፕ ያለፈ ዘመን ዕቃ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤል ቲ ኦ 9 የተባለው ካሴት በእጅ መዳፍ ላይ ተይዞ 18 ቴራባይት ያህል ይሸከማል። የውጭው መለያ ዛሬ ባርኮድ ሆኗል፤ የሚያነበውም በመደርደሪያዎቹ መካከል የሚመላለስ የሮቦት ክንድ ነው። የሌሊት ተረኛው ቁጥር አንሷል፤ በአንድ ስም ሥር የሚያድረው ትዝታ ግን በብዙ ሺህ እጥፍ አድጓል። ስለዚህ ስሙን የሚጽፈው፣ ስሙን የሚያነበው፣ እንዲደመሰስ የሚፈርመው ሰው ሸክሙ ከብዷል እንጂ አልቀለለም።

አባባሉ እንግዲህ በቴፕ ዘመን እንዲህ ቢሟላ ያስኬዳል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፣ በቴፕ ያለ ግን ስሙን አንብቦ ለሌላ የሚያሳይ ሰው ካገኘ ብቻ ይወረሳል። በአንድ ቢሮ በር ላይ ቆሞ «እነዚህ ይጣሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀ የመዛግብት ሠራተኛ ስሙ በታሪክ አልተጻፈም። ነገር ግን ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ «አይሆንም» የሚለው መልስም ባልተሰማ ነበር።